«መልሱ ሐ ነው» ማለት ሲያንስ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ማታ ማታ ለቻይናውያን የእንግሊዝኛ መልመጃ አስረዳለሁ። መጽሐፋቸው ከአገራቸው የመጣ ነው፤ ምርጫ ይበዛበታል። መልሱ አይጠፋኝም፤ «ለምን?» ሲሉኝ ግን ደንቡን ከመደጋገም አላልፍም። ቻይንኛ አልችልም። ምን ይሻለኛል?
(አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽሩ፣ ቻይንኛ መቻል ግድ አይደለም። ቻይንኛ ምን እንደሌለው ማወቅ ግን ግድ ነው። የቻይንኛ ግስ በጊዜም ሆነ በባለቤት አይለዋወጥም፤ «ሄድኩ፣ ይሄዳል፣ ሄዱ» ሁሉ አንድ መልክ ነው። የእንግሊዝኛውን «ኤ» እና «ዘ» የሚተካ ቃል የለውም። ስም ሲበዛም በአብዛኛው እንደነበረ ይቀራል። ተማሪው የተሳሳተውን የሚመርጠው ስለሰነፈ ሳይሆን የገዛ ቋንቋው ስለመራው ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን መልስ ከማስረዳትዎ በፊት የተሳሳተው ለምን ትክክል እንደመሰለው ይንገሩት።

አንድ ጥያቄ እንይ፦ «ሂ ... ኢን ኮምቦልቻ ሲንስ 2017»። ምርጫዎቹ «ሊቭስ፣ ሊቭድ፣ ሃዝ ሊቭድ፣ ኢዝ ሊቪንግ» ናቸው። መጀመሪያ ምርጫዎቹን በወረቀት ይሸፍኑና «ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መልሱን የሚያስገድደው ቃል የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ሲንስ» ነው። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ያስምሩ፤ ግራው ጫፍ 2017፣ ቀኙ ጫፍ ዛሬ። «ሊቭድ» ግራው ላይ ይቀራል፤ «ሊቭስ» ስለ ቀኙ ብቻ ይናገራል። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚይዘው «ሃዝ ሊቭድ» ብቻ ነው። ተማሪው «ሊቭስ»ን ከመረጠ አይገረሙ፤ ሰውየው አሁንም እዚሁ ነው፣ በቻይንኛም ግሱ ያው ነው። እኛስ ብንሆን «ከዚያ ዓመት ጀምሮ ኮምቦልቻ ይኖራል» አይደል የምንለው? እዚህ ላይ ወደ አማርኛ ተርጉመው ካሰቡ እርስዎም አብረው ይሳሳታሉ።

የዘመን ቁጥሩንም ልብ ይበሉ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2009 ሲመረቅ በእነሱ 2017 ነበር። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ «ነገ በስሪ» ብለው ከቀጠሩት እርስዎ 3 ሰዓት ጠዋት ሲጠብቁት እሱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከተፍ ይላል።

አማርኛ ጥሩ መሸጋገሪያ የሚሆንበትም ቦታ አለ። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ደሴ» እና «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ደሴ» በፈተና ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። የመጀመሪያው «ደሴ ሄዶ ያውቃል» ነው፤ ሁለተኛው «ደሴ ሄዷል»፣ አሁን እዚህ የለም። ቻይንኛም ይህን ይለያል፦ ከግሱ በኋላ «ጉዎ» ሲገባ «ሄዶ ያውቃል»፣ «ለ» ሲገባ «ሄዷል»። «ጉዎ ወይስ ለ?» ብለው ብቻ ይጠይቁት፤ ወዲያው ይገባዋል። ነገር ግን «ለ» የኃላፊ ጊዜ ምልክት ነው ብሎ እንዳይይዝ ይጠንቀቁ። «ለ» ድርጊቱ መጠናቀቁን እንጂ ትናንት መሆኑን አይናገርም። «ነገ ምሳ በልቼ እመጣለሁ» ሲልም ይገባል፤ ስለ ነገ እያወራ «አፍተር አይ ኤት» ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። የሚፈለገው «አፍተር አይ ኢት» ነው።

በቻይና መጽሐፎች በጣም የሚወደድ፣ እኛ አገር ብዙም የማይጠየቅ አንድ ወጥመድ አለ። «ሃው ሎንግ ካን አይ ... ዚስ ቡክ?» ብሎ «ቦሮው፣ ሌንድ፣ ኪፕ፣ ባይ» ይሰጣል። መልሱ «ኪፕ» ነው። መዋስ መጽሐፉን የተቀበሉበት ቅጽበት ላይ ያልቃል፤ «ሃው ሎንግ» ደግሞ የሚቆይ ነገር ይፈልጋል። በዚሁ ስሌት «መኪናውን ከገዛ 3 ዓመቱ ነው» ለማለት «ሃዝ ቦት ... ፎር 3 ይርስ» አይሆንም፤ «ሃዝ ሃድ» ነው። «ዳይ» ወደ «ቢ ዴድ»፣ «ሊቭ» (መሄድ) ወደ «ቢ አዌይ»፣ «ጆይን» ወደ «ቢ ኤ ሜምበር» የሚለወጡትም እንደዚሁ ነው። እነዚህን ጥንዶች በአንድ ገጽ ያስጽፏቸው።

«ቦሮው»ና «ሌንድ» ራሳቸውም ማብራሪያ ይፈልጋሉ። እኛ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ስላለን ቀላል ይመስለናል፤ ቻይንኛ ግን ሁለቱንም «ጂዬ» ይላል። ትርጉም ከመንገር ይልቅ ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለውን ያሳዩት፦ ሰው ወዲያው ከተከተለ («ሚ፣ ሂም») «ሌንድ»፤ ዕቃ ተከትሎ «ፍሮም» ከመጣ «ቦሮው»።

ከዚያ ሌላ «ኦልዞው» (ምንም እንኳ) ባለበት «በት» (ግን) አይጨመርም፣ «ቢኮዝ» ባለበትም «ሶ» አይደገምም። በቻይንኛ «ሱይራን» ካሉ «ዳንሽ»፣ «ዪንዌይ» ካሉ «ሱዎዪ» ማስከተል የተለመደ ነው። አንዱን ይሰርዝ፤ የትኛውንም ቢሰርዝ ልክ ነው። «ሂ»ንና «ሺ»ን ሲያቀላቅል ግን ማብራሪያ አያባክኑ፤ ሁለቱም በንግግር «ታ» ስለሆኑ ነው፣ በየጊዜው ማረም ብቻ ነው መድኃኒቱ።

ጥያቄ፦ ቻይና ላለ ተማሪ በኢንተርኔት አስጠናለሁ። ምንባብ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲሞላ አራቱም ምርጫዎች ሰዋስውን አይጥሱም። በምን ላሳምነው?
(አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተሠራው እንዲያ ተብሎ ነው። በአገራቸው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና፣ በጋኦካኦ፣ እንግሊዝኛ ከ150 ይታረማል፤ በዚያ ክፍል ምርጫዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት የቃል ክፍል ናቸው፦ አራት ግስ ወይም አራት ቅጽል። የሚለያቸው ሰዋስው ሳይሆን በምንባቡ ውስጥ ያለ ማስረጃ ነው። ማስረጃውን ሳያሰምርበት መልስ አይቀበሉት።

ለምሳሌ፦ ዝናቡ አላቆመም፣ ስለዚህ ሹፌሩ ወደ ደሴ በመውጣት ፈንታ («ኢንስቴድ ኦፍ»)፣ ኮምቦልቻ «... ቱ ዌይት» (መጠበቅ)። ምርጫዎቹ «ዲሳይድድ፣ ሪፊውዝድ፣ ፎርጎት፣ ፌልድ» ይሁኑ። ተማሪው «አልወጣም ብሏል» ብሎ «ሪፊውዝድ»ን ያነሳል። «እምቢ ያለው ምኑን ነው?» ይበሉት። ከባዶው ቦታ ቀጥሎ ያለው መጠበቅ ነው፤ መውጣት ያለው «ኢንስቴድ ኦፍ» ሥር ነው። መጠበቅን እምቢ ካለ ወደ ደሴ ወጥቷል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ከ«ኢንስቴድ ኦፍ» ጋር ይጣላል። «ዲሳይድድ» ብቻ ይቀራል። አንድ ጥያቄ እንዲህ አፍረጥርጦ መሥራት አሥሩን መልስ ከማስቆጠር ይበልጣል።

ቃላትን በተመለከተ፣ የቻይንኛ ትርጉም ብቻ የያዘ ደብተር እዚህ ጋ ይከዳዋል። ቴሌቪዥን ማየት፣ ጋዜጣ ማንበብ፣ ሐኪም ዘንድ መታየት በሦስቱም «ካን» ነው። እንግሊዝኛው ግን «ዎች»፣ «ሪድ»፣ «ሲ» ይላል። ስለዚህ ቃሉን ከነጎረቤቱ ይጻፍ፦ «ዎች ቲቪ»፣ «ሪድ ኤ ኒውስፔፐር»፣ «ሲ ኤ ዶክተር»።

በዚያው ፈተና 10 ባዶ ቦታ ያለው የሰዋስው ክፍልም አለ። በቅንፍ ግስ ከተሰጠ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዓረፍተ ነገሩ ዋና ግስ አለው ወይ?» የሚለው ነው። ካለውና ሁለቱን የሚያያይዝ እንደ «ኤንድ» (እና) ያለ ቃል ከሌለ፣ የተሰጠው ግስ «ቱ»፣ «-ኢንግ» ወይም «-ኢድ» ይዞ ይገባል። ቻይንኛ ግሶችን ያለ ማያያዣ ይደረድራል፤ «ሂ ዌንት አውት ባይ ብሬድ» የሚሉት ከዚያ ነው፣ «ቱ ባይ» መሆን ሲገባው። በቅንፍ ምንም ካልተሰጠ ደግሞ አጫጭሮቹን ይሞክር፦ «ኤ» ወይም «ዘ»፣ መስተዋድድ፣ ማያያዣ። «ኤ»ንና «ኤን»ን የሚወስነው ፊደሉ ሳይሆን ድምፁ ነው፦ «ኤን አወር» ግን «ኤ ዩኒቨርሲቲ»።

ጥያቄ፦ ቻይናዊ ተማሪዬን «ዶንት ዩ ድሪንክ ኮፊ?» ስለው «የስ» ይለኛል፤ ቀድቼ ሳቀርብለት አይነካውም። ያሾፍብኛል?
(ከደሴ)

መልስ፦ አያሾፍም። «አዎ፣ እንዳልከው አልጠጣም» ማለቱ ነው፤ እኛም «ቡና አትጠጣም?» ስንባል «አዎ፣ አልጠጣም» እንል የለ? እንግሊዝኛ ከጠያቂው ጋር መስማማትን ሳይሆን እውነታውን ነው የሚያየው፦ ከጠጣ «የስ፣ አይ ዱ»፣ ካልጠጣ «ኖ፣ አይ ዶንት»። በመልመጃ ላይ ሲመጣ ጥያቄውን በእጁ ሸፍኖ ከነጠላ ሰረዙ በኋላ ያለውን ብቻ ይይ፤ «ዶንት» ካለ ከፊቱ «ኖ» ነው፣ «የስ፣ አይ ዶንት» የሚባል የለም። «ሂ ኔቨር ድሪንክስ ኮፊ» ካለም መጨረሻው «ዳዝ ሂ?» እንጂ «ዳዝንት ሂ?» አይሆንም፤ «ኔቨር» ራሱ አሉታ ነውና።