የሞስ ስፖር መቼ እንዲበቅል የሚወስነው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የሞስ ስፖር ከዘር በምን ይለያል?

መልስ፦ ሞስ አበባና ዘር የሌለው፣ በስፖር የሚራባ ትንሽ አረንጓዴ ተክል ነው። ዘር ጽንስና ስንቅ ይዞ የሚጓዝ ሲሆን ስፖር ግን አንዲት ሴል ብቻ ናት። በቤተ ሙከራ በብዛት የሚጠናው ፊስኮሚትሬላ የተባለው ሞስ በአንዲት ከረጢቱ 4,000 ያህል ስፖሮች ይይዛል። ስፖሯ ውኃ ጠጥታ ካበጠች በኋላ ቅርፊቷ ይሰነጠቅና አረንጓዴ ክር ብቅ ይላል።

ጥያቄ፦ እንደ ገብስ ሁሉ ስፖርንም የሚያበቅለው ጂበሬሊን የተባለው የተክል ሆርሞን ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ በእኔ እምነት የጉዳዩ ትልቁ ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው። ለብቅል የተነከረ ገብስ ውስጥ ከጽንሱ የሚመነጨው ጂበሬሊን ከተቀባይ ፕሮቲኑ ጋር ሲጣበቅ፣ ዴላ የተባሉት ከልካይ ፕሮቲኖች እንዲፈርሱ ስለሚያደርግ፣ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩ ኢንዛይሞች ይመረታሉ። ሞስም የዴላ ጂኖች አሉት፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት ዴላን በጂበሬሊን አማካይነት የሚያፈርሰው ሥርዓት በፊስኮሚትሬላ አይሠራም፤ ሴላጂኔላ በተባለው ተክል ግን ይሠራል። ያም ሆኖ ሞሱ ጂበሬሊን ከሚገኝባቸው ውህዶች የመጀመሪያዎቹን ይሠራል፤ እነዚህን የሚያመርተው ጂን ሲጠፋም ስፖሮቹ ዘግይተው ይበቅላሉ።

ጥያቄ፦ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሌላው የተክል ሆርሞንስ?

መልስ፦ መጠኑ ከፍ ሲል መብቀልን ይገታል። ዘርን በማስተኛት ረገድ ያለው ከባድ ሥልጣን ግን በስፖር ላይ አይታይም፤ በሞስ ውስጥ ይበልጥ ጎልቶ የሚታወቀው ተክሉ ድርቀትን እንዲቋቋም በመርዳት ነው።

ጥያቄ፦ እነዚህን ጂኖች ማጥፋት በሞስ ላይ ለምን ቀለለ?

መልስ፦ የሞሱ አረንጓዴ አካል ከእያንዳንዱ ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ጉድለቱ ወዲያውኑ ይታያል። በተጨማሪም የተፈለገውን ጂን በትክክለኛው ቦታው መተካት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1997 ታይቷል፤ የጂኖሙ (የጂኖቹ ጠቅላላ ስብስብ) ረቂቅ ንባብም እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል።

ጥያቄ፦ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ስፖሮች አልበቀሉም። ሞተው ይሆን?

መልስ፦ ይህን ለመወሰን ገና ነው፤ ስፖሮቹ ብርሃን እየጠበቁ ሊሆን ይችላል። ቀይ ብርሃን ያበቅላቸዋል፤ በቅጠሎች ጥላ ሥር የሚበዛው ሩቅ ቀይ ብርሃን (ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ለዓይን እምብዛም የማይታየው) ደግሞ ይከለክላቸዋል። ዘርም ለእነዚሁ ምልክቶች ተመሳሳይ ምላሽ ይሰጣል፤ የተለያየው ምልክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው የሆርሞን መንገድ ነው። ሙቀትም እንዲሁ ነው፦ በ35 ዲግሪ ሴልሺየስ የቆመው መብቀል ሙቀቱ ሲቀንስ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ሳህኑን ከመጣልዎ በፊት ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቦታ ነጭ ብርሃን ሥር አኑረው ለጥቂት ቀናት ይጠብቁ፤ ከዚያም ክሩ መውጣቱን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ።