የካንትን መጽሐፍ ከየት ልጀምረው?

ጥያቄ፦ ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ የጀርመናዊውን ፈላስፋ የአማኑኤል ካንትን «የሥነ ምግባር ሜታፊዚክስ መሠረት» በእንግሊዝኛ ትርጉም ማንበብ ጀምሬ ነበር፤ ይሁን እንጂ መቅድሙን እንኳ በቅጡ ሳልረዳ ደከምኩ። ልተወው ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1785 የታተመው ይህ መጽሐፍ ገጹ ጥቂት፣ ሐሳቡ ግን እጅግ የታመቀ ነው። መቅድሙ የፍልስፍናን ዘርፎች የሚያትት በመሆኑ ለጊዜው ቢያልፉት አይጎዳዎትም። ከአንደኛው ክፍል ይጀምሩ፤ ካንት እዚያ የሚነሣው ማንኛውም ሰው ከሚያውቀው ነገር ነውና። ሕፃን ልጅ ቢላክበት እንኳ ዋጋ የማይጨምረውን ባለሱቅ ያስቡ፦ ይህን የሚያደርገው ደንበኛ እንዳይሸሸው ብቻ ከሆነ፣ ሥራው ከግዴታ ጋር ቢስማማም ከግዴታ የመነጨ አይደለም። ይህን ልዩነት የሰፈርዎን ሱቅ እያሰቡ ደጋግመው ቢያነቡት «በጎ ፈቃድ»፣ ማለትም ለጥቅም ሳይሆን ትክክል ስለሆነ ብቻ ለማድረግ መፈለግ፣ የሚለው ሐሳብ ይፈታልዎታል።

በሁለተኛው ክፍል እንደማይከፍል እያወቀ «እመልሳለሁ» ብሎ የሚበደረውን ሰው ያገኛሉ፤ ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ቃል የሚያምን ስለማይኖር ቃል መግባት ራሱ ትርጉም ያጣል። በእኔ እምነት የመጽሐፉ ልብ እዚህ ነው፤ ስለ ነጻነት የሚናገረውን ከባዱን ሦስተኛ ክፍል ከዚህ በፊት አይንኩት።

በተለይ የምለምንዎ ግን «ግዴታ» የሚለው ቃላችን እንዳያሳስትዎ ነው፤ እኛ ዘንድ ከውጭ የሚጫን ነገር ይመስላል፣ ለካንት ግን የሰው አእምሮ ለራሱ የሚደነግገውን ሕግ አክብሮ መሥራት ነው።