ከደቻቱ አሸዋ እስከ ሙሻ ደሴት

ባለፈው ሰሞን ወደ ጅቡቲ ወርጄ፣ ሙሻ በምትባል ደሴት ፊቴን ባሕር ውስጥ ነክሬ ዓሣ ስመለከት መዋሌን በዚህ ዓምድ ጽፌ ነበር። ከድሬዳዋዎቹ ሰፈሮች ከከዚራም ከመጋላም፣ ከሐረር ጀጎልም ሳይቀር ጥያቄ ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ደሴቲቱ የት ናት? መቼስ ይኬዳል?

ሙሻ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከጅቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የተኛች፣ ከውኃው ብዙም ከፍ ያላለች የኮራል ደሴት ናት። ታናሿ መስካሊ እዚያው አጠገቧ አለች። ከድሬዳዋ በባቡር ወይም በደወሌ በኩል በመኪና ጅቡቲ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ በጀልባ ነው። የጉዞ ሰነዳችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ የጀልባውንም ዋጋ መመለሻውን ጨምራችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። እንግሊዞች በ1840 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ደሴቲቱን ከታጁራው ሱልጣን የገዟት በዐሥር ከረጢት ሩዝ ነው ይባላል። ባለ ጀልባው ግን በሩዝ አይደራደርም።

ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ሂዱ። በክረምቱ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ላዩ ላይ ደግሞ የሚያቃጥል ነፋስ አለ። «የድሬ ልጅ ሙቀት አይፈራም» የሚለው ፉከራ እዚያ አያዋጣም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ዋና አልችልም። በ1998ቱ የድሬዳዋ ጎርፍ ልጅ ነበርኩ፤ እስካሁን ውኃ ከጉልበቴ ካለፈ ትንፋሼ ይቆረጣል። ልጆቼ ግን «እማዬ፣ ካልሄድን» እያሉ ነው።

እህቴ፣ የዚያን ሌሊት ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ድምፅ የሰማ ሰው ውኃ ቢፈራ ማንም ሊስቅበት አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ልበል፦ ልጆቹን ከአስጎብኚው ጋር አስገብተው እርስዎ ዳር ላይ ቢቀመጡም ጉዞው አልባከነም። ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ለብሰው አሸዋው ላይ የሚርመሰመሱትን ሸርጣኖች ሲያዩ ግማሽ ቀን ያልፋል።

ልሞክር ካሉ ግን የሚጀምሩት ከባሕሩ ሳይሆን ከልብስ ማጠቢያ ሳፋዎ ነው። ሳፋውን ውኃ ይሙሉ፤ የውኃ መነጽሩን ያጥልቁ፤ መተንፈሻ ቱቦውን በጥርስዎ ይያዙና ፊትዎን ነክረው በአፍዎ ይተንፍሱ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ትንፋሾች ያስጨንቃሉ፤ መነጽሩ አፍንጫን ስለሚሸፍን ሰውነት «ታፈንኩ» ብሎ ይጮኻል። ሁለት ደቂቃ ይታገሡት። ትንፋሹ ረዘም፣ ዝግ ሲል ልብም ይረጋጋል። በየማታው እንዲህ ቢያደርጉ በሳምንቱ ሳፋው ይሰለችዎታል፤ እኔ የምፈልገውም እንዲሰለችዎ ነው። ከዚያ የሆቴል መዋኛ ውስጥ ደረት በሚደርስ ውኃ፣ እግርዎ መሬት ነክቶ ይድገሙት።

ባሕሩ ላይ ሲደርሱ ሕይወት አድን ሰደርያ ሳይለብሱ እንዳይገቡ። ጨዋማ ውኃ ራሱ ሰውን ያንሳፍፋል፤ ሥራው በሆድ ተንሳፍፎ ወደ ታች ማየት እንጂ መዋኘት አይደለም። በሚያስቆም ጥልቀት ላይ የሰው እጅ ይዘው ይጀምሩ። ቱቦው ውስጥ ውኃ ከገባ ቀና ብለው በኃይል «እፍ» ይበሉት። ፍርሃት ከመጣ በጀርባዎ ተገልብጠው ሰማይ ይዩ። ባሕር ጎርፍ አይደለም፤ ግን የራሱ ጅረትና ነፋስ አለው። በጠዋት ይግቡ፤ ውኃው በየት በኩል እንደሚስብ ባለ ጀልባውን ሳይጠይቁ አይውረዱ።

መነጽሩ ውኃ ያስገባል፣ ጭጋግም ይለብሳል። የተበላሸ ይሆን?

ሳይሆን አይቀርም ብዬ እኔም ባለ ጀልባውን ስቆጣ ነበር። አብሮት የነበረው ልጅ ሪዜን አይቶ በሳቅ ሞተ። ጸጉር በመነጽሩ ጠርዝና በቆዳ መካከል ከገባ ውኃ መንገድ ያገኛል። በሁለተኛው ጉዞዬ ተላጭቼ ሄድኩ፤ ጠብታ አልገባም። ስትመርጡ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አስጠጉትና በአፍንጫ አየር ሳቡ፤ ተጣብቆ ከቀረ የእናንተ ነው። ለጭጋጉ ውስጡን በምራቅ አሽታችሁ በባሕር ውኃ አለቅልቁት። ነውር መስሎ ከታያችሁ በጭጋግ ውስጥ ዋኙ።

ጅብ በእንጨት ሲጎርስ እያየሁ ያደግሁ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ሻርክ ግን ያስፈራኛል።

በኅዳርና በየካቲት መካከል ታጁራ የሚመጣው ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ፣ ከጅባችሁ ይልቅ የዋህ ነው። አፉን ከፍቶ ውኃውን እያጠለለ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳትን ይበላል። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ሲሆኑ ከሦስት እስከ ስድስት ሜትር ይረዝማሉ። ጅቡን እንደምታጎርሱት ግን እጃችሁን አትዘርጉለት፤ ቢያንስ ሦስት ሜትር ራቁ፣ ከጅራቱ ደግሞ ይበልጥ።

ጫት ቅሜ ብገባስ?

አይሆንም። ልብን ያፈጥናል፤ ድካምንም ይደብቃል። ባሕር ውስጥ ድካሙን የማያውቅ ሰው መመለሻውን አያውቅም።

ለማስታወሻ ኮራል ይዤ ብመለስ?

ኮራል ድንጋይ መስሎ የሚታይ የእንስሳት መንደር ነው። ክብ ድንጋይ የሚመስለው ዓይነት በዓመት የሚጨምረው ቢበዛ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ጊዜ የቆማችሁበት ለብዙ ዓመት አይሽርም። ባዶውን ቀንድ አውጣም ተዉት። ሸርጣኑ ሲያድግ የጠበበውን አውልቆ ሰፋ ያለውን ይፈልጋልና፣ ቴሌቪዥናችሁ ላይ ያስቀመጣችሁት የእሱ ቀጣይ ቤት ነበር።