አውሮፕላን ማረፊያ ስለተኛው አጥቂ

ዛሬ ሦስት ደብዳቤ ነው የያዝኩት። ሁለቱ በቀጥታ የዚምባብዌ ልጆችን ያነሳሉ። ሦስተኛው ከእነሱ ጋር የሚገናኝ አይመስልም፤ ስመልስ ግን እዚያው ወሰደኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ፒያሳ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ከአንድ ደንበኛዬ ጋር ተወራርደናል። እሱ «የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ቀን እንቅልፍ ወስዶት ማንቸስተር ሲቲ መግባት የቀረበት ዚምባብዌያዊ አለ» ይላል። እኔ ደግሞ የእንቅልፉ ነገር ወሬ ነው፣ ሰውየው ለሲቲ ተጫውቷል እላለሁ። የተሸነፈው ክትፎ ይጋብዛል። ማናችን ነን ልክ?
*የፀጉር ቤቱ ልጅ፣ ከፒያሳ*

መልስ፦ ክትፎውን ለሁለት ክፈሉት። ተኛ የተባለው በወቅቱ በየጋዜጣው ወጥቷል፤ ቀረ የሚለው ግን ውሸት ነው።

ሰውየው ቤንጃኒ ምዋሩዋሪ ነው፣ የቡላዋዮ ልጅ። ማሊያው ላይ «ቤንጃኒ» ብቻ ነበር የሚጻፈው። ዕለቱ ሐሙስ ጥር 22 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ የዑራኤል ለት ነበር፤ በፈረንጁ ጃንዋሪ 31 ቀን 2008። መስኮቱ፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋች የሚገዙበትና የሚሸጡበት ጊዜ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ፖርትስማውዝ ጀርሜን ዴፎን ከቶተንሃም ሊያመጣ፣ ቤንጃኒን ለሲቲ ሊሸጥ ሁሉም ነገር አልቋል። ልጁ ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ ማንቸስተር መብረር ብቻ ነው የቀረው። እንደተጻፈው ከሆነ እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ እንቅልፍ ጣለውና በረራው አመለጠው። ማንቸስተር ሲደርስ መሽቷል፤ ወረቀቱ ሳያልቅ ሰዓቱ ሞላ።

ደንበኛህ እዚህች ላይ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ወጥቷል ማለት ነው። ከአምስት ቀን በኋላ ፕሪሚየር ሊጉ ጉዳዩን አይቶ ዝውውሩን አጸደቀው። ሲቲ እንዲያውም ተጠቀመ፤ ዋጋው መጀመሪያ ከተወራው ወርዶ በ3.87 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ሌላው በተጫወተ ቁጥር የሚታሰብ ሆኖ አለቀ።

ለምን ተኛ ብትለኝ፣ እኔ እንቅልፍ ብቻ አይመስለኝም። ሰው እግሩ አልሄድ ሲለው ዓይኑም ይከደናል። ቤንጃኒ ፖርትስማውዝን ይወድ ነበር፤ ሕዝቡም እሱን። ያ ፍቅር ደግሞ በጎል ብዛት የመጣ አልነበረም። በ2006 ጃንዋሪ ከፈረንሳዩ ኦክዜር ሲመጣ ክለቡ ከዚያ በፊት ለማንም ያልከፈለውን ገንዘብ ከፍሎበታል፤ እሱ ግን ወራት ሙሉ አንድ ጎል አላገባም። ሲሮጥ ይውላል፣ ተከላካይ ላይ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይስታል። ቡድኑ ወደ ታች ሊወርድ አፋፍ ላይ ነው። በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ዊጋን ሜዳ ላይ 1 ለ 0 እየተመሩ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ፤ ማት ቴይለር በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛዋን ጨመረና ፖርትስማውዝ ከመውረድ ተረፈ። ወራት የተጠበቀች ጎል የምትገባበትን ቀን አታውቅም ያለው ማን ነው? በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ ሬዲንግን 7 ለ 4 ሲያሸንፉ ሦስት አገባ። በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ እስከ ዛሬ በአንድ ጨዋታ ብዙ ጎል የታየው ያን ለት ነው። እስከ ጥር በሊጉ 12 ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው «ተሸጠሃል» ሲባል በደስታ የሚሮጥ አይመስለኝም።

አሁን የራሴን ልናገር። ያኔ ከሰባ ደረጃ አጠገብ ዲኤስቲቪ ቤት ነበረኝ፤ ዛሬ ቤቱም የለም። ስድስት አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ የሸራ መጋረጃ፣ መግቢያ 3 ብር። እሑድ የካቲት 2 ጥቁሯ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «10፡30 ማንዩ ከሲቲ፣ 2፡00 ግብፅ ከካሜሩን» ብዬ ጽፌአለሁ፤ ማታውን አክራ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበርና። (ዚምባብዌ ለዚያ ዋንጫ ስላላለፈች ነው ቤንጃኒ በዚያ ወር እንግሊዝ የተገኘው። የፖርትስማውዝ ጓደኞቹ ካኑ፣ ኡታካና ሙንታሪ ጋና ነበሩ።)

ቤቱ ሙሉ የዩናይትድ ደጋፊ ነው፣ እኔንም ጨምሮ። የሲቲ ደጋፊ በሰፈሩ አንድ ነበር፣ ጫማ የሚሰፋ ሰውዬ፤ ሁሌም የፊት ወንበር ጫፍ ላይ ብቻውን። የዩናይትድ ተጫዋቾች የሞቱበት የሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ 50ኛ ዓመት ስለነበር ዩናይትዶች እንደ 1958ቱ ያለ ምንም ማስታወቂያ ጽሑፍ፣ ከ1 እስከ 11 ቁጥር ለብሰው ገቡ። የኅሊና ጸሎቱ ላይ እኛም ቤት ቆሎ የሚቆረጥም አልነበረም። ለሲቲ ቫሴል አንድ አገባ። ልክ እረፍት ሊወጡ ሲሉ ፔትሮቭ አሻገረ፣ ቤንጃኒ በጭንቅላቱ ገጨት አደረጋት፣ ገባች። ለአዲሱ ክለቡ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። ከኋላ አንዱ «ያ የተኛው ልጅ አይደል እንዴ?» አለና ያ ሁሉ ሰው በንዴቱ መሀል ሳቀ።

ከእረፍት በኋላ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩን ስጎትተው ገመዱ እጄ ላይ ተበጠሰ። ጫማ ሰፊው ብድግ ብሎ «አንተ ነህ ያጠፋኸው!» አለኝ። ብምል ብገዘት አልሰማም። ውጤቱን ከሌላ ሰፈር በስልክ ነው የሰማነው፤ 2 ለ 1። ሲቲ ኦልድ ትራፎርድ ላይ በሊግ ጨዋታ ካሸነፈ 34 ዓመቱ ነበር፣ እሱ ደግሞ ጨለማ ቤት ቁጭ ብሎ አመለጠው። 3 ብሩን መልሼለታለሁ። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ግን ዛሬም ያነሳብኛል።

ለቤንጃኒ ከዚያ ወዲያ ሲቲ ብዙም አልሆነለትም። ጉዳት ያዘው፣ ክለቡ በዚያው ዓመት የአቡ ዳቢ ገንዘብ ገባበትና ሮቢንሆ መጣ። ፖርትስማውዝ ደግሞ እሱ በሄደ በአራተኛ ወሩ የኤፍ ኤ ካፕን ዋንጫ አነሳ። ይህን ለደንበኛህ ክትፎው ላይ ንገረው።

ጥያቄ፦ የዚምባብዌ ተጫዋቾች ስም ለምን እንደዚህ ሆነ? ናሌጅ፣ ማርቨለስ፣ ቲንኤጅ! እውነተኛ ስማቸው ነው ወይስ ቅጽል?
*ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ*

መልስ፦ እውነተኛ ስማቸው ነው። አንተ ክፍል ውስጥ ደረጀ፣ ተስፋዬ፣ ብርሃኑ የሚባል የለም? ልዩነቱ እኛ በአማርኛ ስናወጣ እነሱ በእንግሊዝኛም ማውጣታቸው ነው። ናሌጅ ሙሶና ማለት የኛው «ዕውቀት» ነው፤ ከደቡብ አፍሪካው ካይዘር ቺፍስ ተነስቶ በፈረንጁ 2011 ጀርመን ሆፈንሃይም የገባ፣ በኋላም አንደርሌክት የተጫወተ። ማርቨለስ ናካምባ በኛ «ድንቁ» መሆኑ ነው። ፈረንሳይ ናንሲ፣ ሆላንድ ቪተስ፣ ቤልጂየም ክለብ ብሩዥ፣ ከዚያ አስቶን ቪላ፤ በ2023 ሉተን ዌምብሌይ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ኮቨንትሪን አሸንፎ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ አማካይ ሥፍራውን የያዘው እሱ ነበር። የሚገርመው ኮቨንትሪ የፒተር ንድሎቩ ክለብ ነው። ያ በ1995 አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልን 3 ለ 2 ሲያሸንፉ ሦስቱንም ያገባው የቡላዋዮ ልጅ፣ የፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ አፍሪካዊ እየተባለ የሚጠራው።

በሾና ቋንቋ የወጡትን ስታይ ደግሞ ይበልጥ የኛ ይሆናሉ። በፈረንጁ 2020 ዲሴምበር ላይ ሊዮን ፓሪስ ሜዳ ላይ ፒኤስጂን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ ጎሏን ያገባው ቲኖ ካዴዌሬ ሙሉ ስሙ ቲኖቴንዳ ነው፣ «እናመሰግናለን»። ተመስገን በለው። ጳጉሜ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ በመጨረሻዋ ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 ያሸነፍናቸው ስማቸውን እንኳ ሳናጣራ ነው።

በ1990ዎቹ ኤጀንት ሳው የሚባል አጥቂም ነበራቸው። ስሙ ነው እንጂ ደላላ አልነበረም። ደላላ ስል ወደ ሦስተኛው ደብዳቤ ልለፍ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለወንድሜ። የ17 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ጃን ሜዳ በፕሮጀክት ይጫወታል፣ አሠልጣኙም ይመሰክርለታል። አንድ ሰው መጥቶ «አውሮፓ ለሙከራ እወስደዋለሁ፣ 250,000 ብር ያስፈልጋል» አለን። የክለብ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሳይቶናል። ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይወጣል። ልጄ እንቅልፍ አጥቷል። ምን ይመክሩኛል?
*አንዲት እናት፣ ከካዛንቺስ*

መልስ፦ እህቴ፣ ዕቁብዎን አይንኩ።

አንደኛ ነገር፣ በፊፋ ደንብ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ከአገር አገር መዛወር አይችልም። ወላጅ በራሱ ሥራና ኑሮ ምክንያት ከተዛወረ፣ እንዲሁም በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያሉ ልጆች፣ እንዲህ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የእርስዎ ልጅ አንዱም ውስጥ አይገባም። እንግዲህ ሰውየው ምን ሊያስፈርመው ነው የሚወስደው?

ሁለተኛው የገንዘቡ አካሄድ ነው። ተጫዋች የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ውጭ አገር ሲፈርም፣ የሚወስደው ክለብ ልጁን ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ላሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሳ እንዲከፍል ደንቡ ያዛል። ገንዘቡ ከአውሮፓ ወደዚህ ነው የሚመጣው እንጂ ከካዛንቺስ እናት መቀነት ወደ አውሮፓ አይሄድም። ወኪልም ቢሆን የሚኖረው ከተፈረመ ውል በሚያገኘው ድርሻ ነው። ፊፋ ወኪሎችን ፈትኖ ፈቃድ ይሰጣል፣ ስማቸውም ድረ ገጹ ላይ ይገኛል። የሰውየውን ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው ጽፈው ልጁ በስልኩ ይፈልገው። ደብዳቤውን ለማጣራት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር አይደውሉ፤ የክለቡን ስልክ ከክለቡ ገጽ አውጥተው ይጠይቁ። ማኅተም እንደሆነ እዚሁ መርካቶም ይቀረጻል።

ይህን በመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። የእህቴ ልጅ እንዲሁ ተከፍሎለት ሄዷል። የጎብኚ ቪዛ ነበር የተሰጠው። ደብዳቤው ላይ በተጻፈው አድራሻ የሜዳው በር ላይ ቢደርስ ዘበኛው ዝርዝሩን አገላብጦ «እዚህ ሙከራ የሚባል የለም» አለው። ወሳጁ ስልኩን ዘግቷል። በሦስተኛ ሳምንቱ ሲመለስ አዲሱ ታኬታ ጫማው ከነወረቀቱ ሻንጣው ውስጥ ነበር።

ልጅዎ ስለ ቸኮለ ቤንጃኒን ይንገሩት። ከዚምባብዌ በቀጥታ እንግሊዝ አልገባም። መጀመሪያ ጎረቤት ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሞ ኮስሞስ። እዚያ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ከዚያ በውሰት ስዊዘርላንድ፣ ግራስሆፐርስ። ቀጥሎ ኦክዜር፣ በአሮጌው አሠልጣኝ በጊ ሩ ሥር፤ በፈረንጁ 2005 የፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ላይም ሴዳን በተባለው ቡድን ላይ አግብቶ ዋንጫውን ወስደዋል። እንግሊዝ ሲደርስ 27 ዓመቱ ነበር። በየመሀሉ አንዱ ክለብ ከሌላው ክለብ ጋር ነው የተዋዋለው። የኛው ፍቅሩ ተፈራም በዚያው በጆሃንስበርግ በር ነው የወጣው፣ በኦርላንዶ ፓይሬትስ፤ በ2014 የህንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያገባው እሱ ነው። ልጅዎ 27 እስኪሞላው ገና አሥር ዓመት አለው።

እንግሊዝን ለጊዜው ይርሳት። የሥራ ፈቃድ የሚሰጡት ነጥብ ቆጥረው ነው፤ የብሔራዊ ቡድን ደረጃም ይታያል፣ የኛ ደግሞ ከ100ኛ በኋላ ነው። በአገር ውስጥ ፕሪሚየር ሊግ አንድ ሁለት ዓመት ይሰለፍ። እዚህ በመደበኛነት የሚጫወት ልጅ በግብፅም በደቡብ አፍሪካም ክለቦች ይታያል።

የልጁን ፓስፖርት ለሰውየው ሰጥተውት ከሆነ ዛሬውኑ ይቀበሉት፤ «ለቪዛ ነው» ካለ የባሰ ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ጃን ሜዳ አልጠፋም። የማሊያውን ቁጥር ብቻ ይጻፉልኝ፣ አየዋለሁ።