ከውጫዊ ሃርድ ዲስክ የጠፉ ፋይሎች ቦታውን ለምን አይለቁም?

ጤና ይስጥልኝ። ከ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክዎ ላይ ብዙ ቪዲዮ ቢያጠፉም ባዶ ቦታው እንዳልጨመረ፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሪሳይክል ቢንም (የጠፉ ፋይሎች እስኪወገዱ ድረስ የሚቆዩበት ቅርጫት) ባዶ መስሎ እንደሚታይዎ ጽፈዋል። ይህ የብልሽት ምልክት ስላልሆነ እባክዎ ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ።

ዊንዶውስ በውጫዊው ዲስክ ላይም የተደበቀ የሪሳይክል ቢን ፎልደር ይፈጥራል፤ በውስጡም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በ«ኤስ-1-5» የሚጀምር ረጅም ስም ያለው ፎልደር ያስቀምጣል። ዴስክቶፑ የሚያሳይዎ የራስዎን ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ ኮምፒውተር የጠፋ ፋይል ሳይታይዎ ቦታውን ይዞ ይቆያል። የሠርግ ቪዲዮ በሚያቀናብር ጓደኛዬ ዲስክ ላይ እንዲህ ያሉ ሦስት ፎልደሮች አግኝቻለሁ።

ቀላሉ መንገድ ዲስኩን ፋይሎቹ በጠፉበት ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ቢኑን ባዶ ማድረግ ነው። ያ ካልተቻለ፣ በፋይል ኤክስፕሎረር «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ቪው» የሚለውን ከፍተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ከሚደብቀው ሣጥን ላይም የራይት ምልክቱን ያንሱ። ከዚያ በውጫዊው ዲስክ ላይ፣ በሲ ድራይቭ ላይ ሳይሆን፣ ስሙ በዶላር ምልክት የሚጀምረውን የሪሳይክል ቢን ፎልደር መርጠው ሺፍትና ዲሊትን አብረው ይጫኑ። ፎልደሩን ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይፈጥረዋል፤ ይዘቱ ግን ስለማይመለስ፣ ዲስኩን አብረዎት የሚጠቀሙ ሰዎች ካሉ አስቀድመው ይጠይቋቸው። ሲጨርሱ ያነሱትን ምልክት ወደ ቦታው ይመልሱ።

ፋይሎቹን ያጠፉት በማክ ከሆነ፣ ዲስኩ እንደተሰካ የማኩን ትራሽ ባዶ ማድረግ ይበቃል።