የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከቻይና በሚመጣ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚከፈለው ቀረጥ

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ የምኖር የቡና ነጋዴ ነኝ። ከነዳጅ ወረፋ ለመገላገል ብዬ በቻይና የተሠራ አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አስቤያለሁ። ዋጋ ሳጠያይቅ አንደኛው ሻጭ አውሮፓና አሜሪካ በቻይና መኪኖች ላይ ቀረጥ ስለጨመሩ ዋጋው መወደዱን ነገረኝ። ሌላው ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ከቀረጥ ነጻ ነው ይላል። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም የነገሩዎት ነገር ትክክል አይደለም። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት መጠየቅዎ ግን ተገቢ ነው።

በመጀመሪያው ሻጭ አባባል እንጀምር። የአውሮፓ ኅብረት የቻይና መንግሥት ለመኪና አምራቾቹ ያልተገባ ድጎማ ይሰጣል ብሎ ካጣራ በኋላ፣ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በቻይና በተሠሩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ከነባሩ 10 በመቶ ቀረጥ በተጨማሪ የድጎማ ማካካሻ ቀረጥ ጥሏል። ተጨማሪው ቀረጥ ከቻይና መኪና አምራቾች ለቢዋይዲ 17 በመቶ፣ ለጂሊ 18.8 በመቶ፣ ለሳይክ ደግሞ 35.3 በመቶ ነው። አሜሪካም ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብላ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም.፣ 25 በመቶ የነበረውን ተጨማሪ ቀረጥ ወደ 100 በመቶ አሳድጋለች። ይሁን እንጂ ቀረጥ የሚከፈለው ዕቃው ለሚገባበት አገር መንግሥት ነው፤ ከፋዩም የዚያ አገር አስመጪ፣ በመጨረሻም የዚያ አገር ገዢ ነው። ከቻይና ወደብ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ እኛ በሚመጣ መኪና ላይ ብራስልስም ሆነ ዋሽንግተን አንዲት ሳንቲም አይጨምሩም። እንዲያውም ወደ ትልልቆቹ ገበያዎች የሚወስደው መንገድ የጠበበበት አምራች ሌላ ገዢ መፈለጉ ስለማይቀር፣ ውጤት ቢኖረው እንኳ ዋጋን ወደ ታች የሚገፋ እንጂ የሚያስወድድ አይደለም። ስለዚህ ይህን ምክንያት ለሚያቀርብልዎ ሻጭ ጭማሪ አይክፈሉ ብለን በግልጽ እንመክራለን።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ቀረጥ የሚመለከተው መኪናው የተሠራበትን ቦታ እንጂ በአፍንጫው ላይ የተለጠፈውን ምልክት አይደለም። ቮልቮ ኢኤክስ 30 የተባለችው አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ስሟ የስዊድን ቢሆንም መጀመሪያ ትመረት የነበረው በቻይና ስለሆነ፣ ወደ አውሮፓ ስትገባ ተጨማሪው ቀረጥ አርፎባታል፤ ኩባንያውም በኋላ በቤልጂየም፣ በጌንት ከተማ ማምረት ጀምሯል። በእኛም መንገዶች ላይ የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ 6 የሚሠራው በቻይና ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሻጭ ስንመጣ፣ «ከቀረጥ ነጻ» የሚለው አነጋገር የመጣው ቀረጥን ከሌሎች ታክሶች ጋር ከማምታታት ይመስለናል። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ከሚጣለው)፣ ከሱር ታክስ (በገቢ ዕቃዎች ላይ ከሚታከለው) እና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ሲያደርግ፣ የጉምሩክ ቀረጡን ግን በሦስት ደረጃ ከፋፍሎታል፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትኖ የሚገባው 5 በመቶ ይከፍላል፤ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ብቻ ነው ምንም የማይከፍለው። እርስዎ የሚገዙት በዚህ መመሪያ ምጣኔ ተገጣጥሞ የመጣውን ከሆነ 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ አለ ማለት ነው። የልዩነቱ ዓላማ የመገጣጠሙን ሥራ ወደ አገር ውስጥ መሳብ ሲሆን፣ ከመመሪያው በፊትም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. ማራቶን ሞተር ሂዩንዳይ አዮኒክን እዚሁ ገጣጥሞ አሳይቷል። ስለዚህ ሻጩን «ተገጣጥሞ የገባ ነው ወይስ እዚህ የተገጣጠመ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ ዋጋውን ለመመዘን ይረዳዎታል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቀረጥ የሚሰላው በፋብሪካው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የመርከብ ጭነትና የመድን ወጪ ተጨምሮበት ነው። ይህ ድምር 12,000 ዶላር ነው እንበል። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ የመኪናው ዋጋ 684,000 ብር፣ ቀረጡም 102,600 ብር ይሆን ነበር። ከለውጡ በኋላ ዶላሩ 120 ብር ሲደርስ ስናሰላው ግን ዋጋው 1,440,000 ብር፣ ቀረጡ 216,000 ብር ይደርሳል። ከመቶ የሚከፈለው እጅ ሳይነካ የሚከፈለው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። የመኪናው መወደድ ዋና ምክንያት ያለው እዚህ ላይ ነው እንጂ በአውሮፓ ውሳኔ ላይ አይደለም።

ሌላው መታወቅ ያለበት ታክሶች እርስ በርስ የሚደራረቡ መሆናቸው ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ ሲሆን ታክሱ የሚሰላው ቀረጡ በተደመረበት ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ 15 በመቶ ቀረጥና 15 በመቶ ታክስ ሲገናኙ 30 ሳይሆን 32.25 በመቶ ይሆናሉ። ኤክሳይዝ ሲጨመርማ ክምሩ ይበልጥ ያድጋል። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የሞተሩ መጠን ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ የነዳጅ አውቶሞቢል ላይ የተጣለው ኤክሳይዝ 100 በመቶ ነበር፤ የኤሌክትሪክ መኪና በ2014ቱ መመሪያ ከዚህ መዳኑ ከ15 በመቶው ቀረጥ የበለጠ ክብደት ነበረው። በመሆኑም እነዚህ ነጻ መብቶች በየጊዜው ሊሻሻሉ እንደሚችሉ አስበው፣ ተፈጻሚ የሚሆነው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ (ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበት ሰነድ) በተመዘገበበት ቀን ያለው ምጣኔ መሆኑን ይያዙ። ገና በመርከብ ላይ ላለ መኪና ቀብድ የሚከፍሉ ከሆነ፣ እስኪገባ ድረስ ምጣኔው ወይም ምንዛሪው ቢለወጥ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

ትንሽ መኪና መምረጥዎንም እንደግፋለን። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ውዱ ዕቃ ባትሪው ስለሆነ፣ ባትሪው ባነሰ ቁጥር ቀረጥ የሚሰላበት ዋጋ አብሮ ያንሳል። ነገር ግን ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል የተባለችው ትንሽ መኪና ትንሹ ባትሪዋ በቻይና መለኪያ የሚሰጠው 305 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ያውም መለኪያው ለጋስ ነው፤ የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣትም አለ። ከተማ ውስጥና እስከ ሰርቦ ወይም አጋሮ ለመመላለስ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ የሚያስመጣልኝ ሰው ደረሰኙ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን ብናጽፍ ቀረጡ ይቀንሳል ይለኛል። ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ወንጀልም ነው። ጉምሩክ የቀረበለትን ዋጋ ካላመነበት ውድቅ አድርጎ በተመሳሳይ መኪና ዋጋ የማስላት ሥልጣን አለው። በዲክላራሲዮኑ ላይ የሚሰፍረው ስም የእርስዎ ከሆነ ተጠያቂውም እርስዎ ነዎት። ሰውየው እውነተኛውን ደረሰኝ ለማቅረብ እምቢ ካለ ሌላ አስመጪ ይፈልጉ።