ከ«አብሽር» በኋላ

ልጆቼ፣ በእኛ በወሎ የተጨነቀ ሰው ሲገጥመን ከአፋችን ፈጥኖ የሚወጣው ቃል «አብሽር» ነው። ደግ ቃል ነው፤ በደሴ በአእምሮ ጤና ነርስነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት እኔም ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ይሁንና ሥራ እንደጀመርሁ አንዲት ወጣት ስለ ትዳሯ ልታወራኝ መጥታ ሐሳቧን ሳትጨርስ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ብዬ ሸኘኋት፤ ተመልሳም አልመጣችም። ማጽናኛ ያልሁት ቃል አፏን እንዳዘጋት የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ጭንቀት ሲበዛባችሁ ወደ ምክር ባለሙያ መሄድ ምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ።

«ሽማግሌ እያለ የምክር ባለሙያ ለምን?» ትሉኝ ይሆናል። ሽማግሌ ጥፋቱን መርምሮ፣ የበደለውን አስክሶ ያስታርቃል፤ ይህን ሀብታችንን የሚንቅ ሰው አልወድም። የምክር ባለሙያ ግን አይፈርድም፤ ሰውዬው የደረሰበትን በራሱ አንደበት አውጥቶ፣ የሚችለውን እርምጃ ራሱ እንዲመርጥ ያግዘዋል። ጸበል የሚጠመቀውም ሆነ ዱዓ የሚያስደርገው ያንን እንዲተው አልመክርም፤ የታዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ግን አጥብቄ እለምናለሁ።

ከባድ ሐዘን ወይም ለነገሮች ሁሉ ፍላጎት ማጣት ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቃችሁ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብም ከነሳችሁ፣ ቀርባችሁ ታዩ። ሞትን የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ለምታምኑት ሰው በዚያው ቀን ንገሩ፤ ብቻችሁንም ሳትሆኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። እርዳታው ሁልጊዜ ረጅም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አንድ የምክር ዘዴ በሳምንት አንድ ቀን፣ 90 ደቂቃ ያህል፣ ለ5 ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው እንዲሰጡት ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ቤተሰብን በሚመለከት ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ አንድ ልጅ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነት ስትያዝ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ባልና ሚስት፣ ከተመለሱ በኋላ ልጃቸው ሌሊት ሌሊት ፍራሹን ማርጠብ ስለጀመረ «ይህን ልጅ አክሙልን» ብለው አመጡት። ሽንቱ ተመርምሮ ሕመም ሲታጣ አባት፣ እናት፣ አያትና ልጅ አንድ ላይ እንዲቀመጡ አደረግሁና ስለ ወጡባት ሌሊት ጠየቅኋቸው። በቤታቸው ስለዚያች ሌሊት ተወርቶ አያውቅም ነበር፤ አባት የሚስቱን ሆድ ላለማስባስ፣ እናትም ልጁን ላለማስፈራት ዝም ብለው ኖረዋል። ልጁ በመጨረሻ «እኔ ስላለቀስሁ ነው አያቴ መንገድ ላይ የወደቀችው» አለ። አያቱ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገውት «የኔ ጌታ፣ እግሬ ነው የከዳኝ» አሉት። ፍራሹ እስኪደርቅ ወራት ፈጅቷል፤ ቤቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማውራት ቻለ።

ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ ለምክር የሚመጡት ዳኛ ፍለጋ ነው። ባለሙያው አንዱ ሲናገር ሌላው መልስ ከማዘጋጀት ይልቅ የሰማውን መልሶ እንዲናገር ያደርጋል፤ ቀላል ይመስላል፣ ብዙዎች ግን በዓመታት ትዳር አድርገውት አያውቁም። ዱላና ፍርሃት ባለበት ቤት ግን ሁለቱን አብሮ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ በምክር ክፍል የተናገረችው ቃል ማታ ቤት ውስጥ ሊያስመታት ይችላልና። እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ ለየብቻ እንዲያነጋግሯችሁ ጠይቁ፤ ከሁሉ በፊትም ደኅንነታችሁን አስቀድሙ።

በመጀመሪያው ቀን ባለሙያውን ምን እንደተማረና ምስጢራችሁን እንዴት እንደሚጠብቅ ጠይቁት። በእናንተ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲኖር ዝም ሊል እንደማይችል ሳትጠይቁትም አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባል። በጥያቄያችሁ የሚቆጣ ከሆነ ምክሩን አትተዉት፤ ባለሙያውን ለውጡ።